ያለ ፈቃድ ስለ ተነጋገሩት ሁለት ኮምፒዩተሮች

ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጨለለቅቱ፣ ኮቸሬ ወረዳ

ለተከበሩ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ
የቡና አብቃዮች መረጃ ልውውጥ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዲላ

ጉዳዩ፦ ስለ ተደረገልን ነገር ሁሉ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ መብራትዎ የማይጠፋ፣ ኔትወርክዎ የማይቆራረጥ፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በጨለለቅቱና በአካባቢው የምንገኝ ሁሉ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነን። ደኅና መሆናችንን፣ ከዚያም አልፎ መኖራችንን፣ ለጊዜው በማስረጃ ማረጋገጥ ስላልቻልን ግን ይህን በቃሌ ብቻ እንዲቀበሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ ከፈለኝ እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት በዚሁ ወረዳ አማርኛ ያስተማርኩ ጡረተኛ ስሆን፣ ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገበሬዎችን ያቀፈው የቡና ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎ፣ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አምስት ደብዳቤዎች መልስ ያጡት ማሸጊያቸው ጠንክሮ ይሆናል ብዬ በማሰብ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶቻችን። እውነታቸውን ነው፤ መጋዘን የገባ ቡና ግን ባለቤቱ ዝም ሲል ይነቅዛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ይህን ጽሑፍ በመንገድ ላይ የሚያነብ ሌላ ሰው እንዳይቸገር የጉዳዩን ሥር አስቀድሜ ልናገር። ቡናችንን ለዓመታት የሚወስድ አንድ የውጭ ገዢ፣ ዘንድሮ ከማጠቢያ ጣቢያችን የሚወጣውን ቡና ከሌላ ሳይቀላቅል፣ የእያንዳንዱን አብቃይ ስምና የጓሮውን ቦታ አያይዞ እንደሚረከብ ቃል ገብቶልናል። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአብቃዮቹ ዝርዝር በጽሕፈት ቤትዎ ተረጋግጦ እስከ ጥር 30 እንዲደርሰው። ካልደረሰው ቡናችን እንደ ከዚህ ቀደሙ ከብዙ ቡና ጋር ይደባለቅና ስም አልባ ሆኖ ይሄዳል። እንግዲህ ከእርስዎ የምንፈልገው መንገድም፣ ድልድይም፣ ማዳበሪያም አይደለም። የገዛ ስማችን ከገዛ ቡናችን ጋር እንዲሄድ ነው የፈለግነው። ዛሬ ጥር 20 ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

ስለ ሥልጠናው በጣም አመሰግናለሁ። በጥቅምት ወር ዲላ ድረስ ጠርታችሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ ኤክስኤምኤል የሚባለውን ነገር አስተምራችሁናል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ነውና መጀመሪያ ላይ ፈርቼው ነበር። ደግነቱ አሠልጣኛችን አቶ ሱፍያን፣ እንደ እኔ ላለ ሽማግሌ እንኳ እንዲገባ አድርገው አስረዱን። ኤክስኤምኤል መረጃ የሚጻፍበት ወግ ነው። ከእያንዳንዱ መረጃ ፊት ምንነቱን የሚናገር ከፋች ምልክት ይቀመጣል፤ ከኋላው ደግሞ ያው ምልክት ዘጊ ሆኖ ይደገማል። «ስም» ተብሎ ይከፈታል፣ አማኑ ተብሎ ይጻፋል፣ «ስም» ተብሎ ይዘጋል። የተከፈተ ነገር አንድ እንኳ ሳይዘጋ ከቀረ ማሽኑ ፋይሉን በሙሉ አላነብም ብሎ ይመልሳል። በዚህ ጠባዩ፣ በር ከፍቶ የሚወጣ ሰው ከማትወደው ከባለቤቴ ጋር ስለሚመሳሰል ቶሎ ተግባባን።

የዚህ ሁሉ ድካም ጥቅሙም ተነግሮናል። የእኛ ጣቢያ ኮምፒዩተር፣ የእናንተ ሥርዓትና የገዢው ሥርዓት በተለያዩ ሰዎች የተሠሩ ቢሆኑም፣ ሰው መካከል ገብቶ ሳይገለብጥላቸው ፋይሉን እየተለዋወጡ እርስ በርሳቸው ይግባባሉ ተባልን። አቶ ሱፍያን ይህን ሲናገሩ ከሁላችንም አስቀድመው ያጨበጨቡት እርስዎ እንደ ነበሩ አስታውሳለሁ። በመዝጊያ ንግግርዎም ከእንግዲህ ወረቀት የሚባል ነገር የለም ብለው አበሰሩን። ይህ ንግግርዎ በስድስት ገጽ ታትሞ ለእያንዳንዳችን የታደለን ሲሆን፣ እኔም የራሴን በክብር አስቀምጬዋለሁ።

ከሥልጠናው መልስ የማኅበራችን የመረጃ ሠራተኛ ወ/ሮ ሮሆቦት ኅዳርን ሙሉ ስልኳን ይዛ አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ጓሮ በእግሯ ዞረች። ያንን አቀበትና ያንን ጭቃ እርስዎ ያውቁታል። የእያንዳንዱን ገበሬ ስም፣ የጓሮውን ቦታና በጓሮው የበቀለውን ሁሉ መዝግባ፣ የተከፈተውን ሁሉ ዘግታ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን ፋይሉን በኢንተርኔት ላከችልዎ። ለመድረስ ስምንት ሰከንድ ፈጀበት። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ነገር ያማረ ነበር፤ ምክንያቱም እስከዚህ ድረስ ጽሕፈት ቤትዎ አልገባበትም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ተራ ቁጥር የሌለው አቤቱታ በመዝገብ ቤትዎ እንደማይስተናገድ የበሩ ጥበቃ በደግነት ነግረውኛል።

1ኛ. ስለ ማኅተሙ

ፋይላችን በደረሰዎ በአራተኛው ቀን አንድ ደብዳቤ ደረሰን። የላክነው ፋይል ፊርማም ማኅተምም የሌለው በመሆኑ በሦስት ቅጂ ታትሞ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ተፈርሞና ጽሑፉን የነካ ክብ ማኅተም ተደርጎበት በአካል እንዲቀርብ ያዝዛል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ጊዜ ለባለቤቴ ነው ያነበብኩላት፣ ብቻዬን መሳቅ ስላልወደድኩ።

ለአንድ ገበሬ አንድ ገጽ ነውና በሦስት ቅጂ ሲባዛ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ገጽ ወጣ። ሊቀ መንበራችን አቶ በቀለ ሦስት ቀን ተቀምጠው ፈረሙ። በመጀመሪያው ቀን ፊርማቸው ሙሉ ስማቸው ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግማሽ ስም ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ከአንድ ጭረት አይበልጥም ነበር። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። ጽሑፉን የነካ ስለተባልኩ፣ ታዛዥ ሰው ነኝና፣ እያንዳንዱን ገጽ ጽሑፉ በሚያልቅበት በመጨረሻው መስመር ላይ ጥሩ አድርጌ መታሁት። በዚያ የመጨረሻ መስመር ላይ ደግሞ የገበሬው መዝገብ ዘጊ ምልክት ነበረ። ይህን ያህል ዘመን ልጆችን አስተውላችሁ ሥሩ እያልኩ የገሠጽኩ ሰው ነኝና፣ በዚህ በኩል ያለብኝን ጥፋት አልክድም።

ወረቀቱ በጆንያ ታስሮ እስከ ይርጋጨፌ በሞተር ሳይክል፣ ከዚያ በአውቶብስ፣ ዲላ ሲደርስ በባጃጅ ተጓዘ። የባጃጁ ሹፌር ጆንያውን ሲያይ ቡናው ስንተኛ ደረጃ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። የመረጃ ልውውጥ ነው አልኩት። እርሱም ሒሳቡን አስቀድሜ እንድከፍለው ጠየቀኝ።

የጽሕፈት ቤትዎ ጸሐፊ ወ/ሪት ሃሌሉያ ያንን ክምር ተቀብላ፣ ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ እንደገና ወደ ኮምፒዩተር መጻፍ ጀመረች። ከኮምፒዩተር የወጣውን፣ ኮምፒዩተር ብቻ እንዲያነበው የተዘጋጀውን ነገር፣ እያንዳንዱን ምልክት በጣቷ እየቆጠረች፣ አሥራ አንድ የሥራ ቀን ጻፈች። በዚህች ልጅ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እንደ እርሷ ያለ ጥንቁቅ ተማሪ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ከሦስት በላይ አላገኘሁም። ማኅተሜ የሸፈነው ቦታ ላይ ስትደርስ ግን መገመት ክልክል ነውና፣ የመንግሥት ሥራ ወግ በሚያዝዘው መሠረት ያየችውን ጻፈች። እንዲህ ሲል፦ «የማይነበብ ፊርማ አለው። ክብ ማኅተም አለው።» ይህንንም አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ጻፈችው።

ማሽናችሁ ዘጊ ምልክት ሲጠብቅ ክብ ማኅተም ቢመጣበት ደንግጦ ፋይሉን በሙሉ መለሰው። እርስዎም ጥር 2 ቀን በፈረሙት ደብዳቤ፣ በማኅበራችን ፋይል ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ስሕተት ስለተገኘ ማኅበሩ ለወደፊቱ ጥንቃቄ እንዲያደርግ አሳሰቡን። ስለ ማሳሰቢያዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔም በበኩሌ ጉዳዩን ለወ/ሮ ሮሆቦት አሳሰብኳት፤ እርሷም በጭቃ ያለቀውን ጫማዋን አሳየችኝ።

2ኛ. ስለ እንሰቱ

ወ/ሪት ሃሌሉያ ማንም ሳያዝዛት፣ በምሳ ሰዓቷ፣ ማኅተሙን ከእያንዳንዱ መዝገብ እያወጣች ዘጊውን መልሳ ባታስገባ ኖሮ ዛሬም ተራ ቁጥር አንድ ላይ ነበርን። እርሷ ያንን እንደ ጨረሰች ግን ፋይሉ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ። ምክንያቱም በእያንዳንዱ ጓሮ ውስጥ ከአንድ በላይ ሰብል ተመዝግቦ መገኘቱ ነው። በጽሕፈት ቤትዎ ኮምፒዩተር ውስጥ፣ ፋይል ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሚወስን ደንብ አለ፤ ያ ደንብ ደግሞ ለአንድ መሬት አንድ ሰብል ብቻ ይፈቅዳል።

የተከበሩ ሆይ፣ እርስዎ የኮቸሬ ልጅ ስለሆኑ የጌዴኦን ጓሮ እኔ ልነግርዎ አይገባም። ከቤቱ አጠገብ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ተዋህዶ ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥር ጎደሬ፣ ጥግ ላይ አንድ ሁለት አቮካዶ ይኖራል። ቡናውን ብቻውን ያየው ሰው የለም። እርስዎም ልጅ ሆነው ድክ ድክ ያሉበት ጓሮ ይኸው እንጂ ሌላ አልነበረም። ደብዳቤዎ ግን ሁለት አማራጭ ሰጠን፤ ወይ ፋይሉ እንዲስተካከል፣ ወይ አርሶ አደሮቹ ከአንድ በላይ የሆነውን ሰብል እንዲያስወግዱ። ፋይሉን እናስተካክል ብንል እንዋሻለን፤ መሬቱን እናስተካክል ብንል እንራባለን። ደብዳቤውን በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ሳነበው ከኋላ ወንበር አቶ አማኑ ተነሡ። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ ገበሬ ናቸው። «እሺ መምህር፣ እንሰቱን ነቀልን እንበል። ዋንዛውንም ቆረጥን። ቡናው ከዚያ በኋላ በማን ጥላ ሊቆም ነው? ኮምፒተሩ መጥቶ ጥላ ይሆነዋል?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ በቃለ ጉባኤ አስፍሬ ልኬልዎት ነበር፤ መልስ እንደማይኖረው አስቀድሜ ስለገባኝ አልጠበቅሁም።

አቶ ሱፍያንን በስልክ ጠየቅናቸው። እርሳቸው መጀመሪያ የሠሩት ደንብ ለአንድ ጓሮ የፈለገውን ያህል ሰብል ይፈቅድ እንደ ነበር ነገሩን። ነገር ግን ጽሕፈት ቤትዎ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲያትም ሠንጠረዡ ከወረቀቱ ስፋት ስላለፈበት፣ ሠንጠረዡ እንዲጠብብ ተብሎ የሰብሉ ዓምድ አንድ ብቻ ተደረገ፤ ደንቡም ለሠንጠረዡ ሲባል ተቆረጠ። እንዲህ ሆኖ የጌዴኦ መሬት ለወረቀት ስፋት ሲባል ጠበበ። መልሶ ለማስፋት አንዲት ቃል መቀየር ይበቃል አሉን፤ ጽሕፈት ቤትዎ ግን ለአንዲት ቃል ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ቃሏን ጥር 12 ቀን ወደ ነበረችበት መለሳት። ይህም «ጽሕፈት ቤቱ ባደረገው ከፍተኛ ጥረት የተገኘ ውጤት» መሆኑ በደብዳቤ ተገልጾልናል። ለውጤቱ እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት እወዳለሁ።

3ኛ. ስለ ንግግሩ

አሁን ወደ ከባዱ ወንጀላችን ደርሻለሁ።

ጥር 13 ቀን ጠዋት ወ/ሮ ሮሆቦት ዋናውን ፋይል፣ ማለትም ማኅተም ያልነካውንና ወረቀት ያላየውን፣ በሥልጠናው እንደተማረችው እንደገና በኢንተርኔት ላከችው። በዚያን ዕለት የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያዎች ስለ ዘመናዊ አሠራር ልምድ ሊቀስሙ ከከተማ ወጥተው ስለ ነበር መካከል የሚገባ ሰው አልነበረም። ማሽናችን ለማሽናችሁ ሰጠ። ማሽናችሁ የእያንዳንዱን መዝገብ መክፈቻና መዝጊያ አየ፤ ሰብሉን ቆጠረ፤ አንድም ስሕተት አጣበት። አራት መቶ አሥራ ሁለት አብቃዮችን ተቀብያለሁ ብሎ መልስ ላከልን፤ ዝርዝሩንም ለገዢው ማሽን አሳለፈው። የገዢውም ማሽን ደርሶኛል፣ የሚቀረኝ የጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጫ ነው አለ። ሁሉም ተደምሮ ዘጠኝ ሰከንድ ሆነ። ወ/ሮ ሮሆቦት ወንበሯ ላይ ቁጭ እንዳለች አለቀሰች። እኔም ዓይኔ ደኅና አልነበረም።

አቶ አማኑ ወሬውን ሰምተው በማግሥቱ መጡና ስማቸውን እንድታሳያቸው ለመኗት። ፊደል አልቆጠሩም፤ በጣቷ ጠቁማ አሳየቻቸው። ስማቸው በሁለቱ ምልክቶች መካከል ተቀምጦ ሲያዩት ሁለቱን ምልክቶች በጣታቸው ነኩ። ከዚያ «በዚህም በዚያም አጥር አጥራችሁለታል። እንግዲህ አይጠፋም» አሏት። በሥልጠናው ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ኤክስኤምኤል ከሰማሁት ሁሉ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ጥር 16 ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን። ሁለት ኮምፒዩተሮች ያለ ጽሕፈት ቤቱ ዕውቅና መነጋገራቸው ከአሠራር ውጭ መሆኑን ይገልጻል። ንግግሩን ማን እንደፈቀደ፣ በንግግሩ ላይ እነማን እንደተገኙና ቃለ ጉባኤውን ማን እንደያዘ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድናሳውቅ ያዝዛል። በታዘዝነው መሠረት በማግሥቱ አሳውቀናል። በንግግሩ ላይ የእኛ ኮምፒዩተር፣ የእናንተ ኮምፒዩተርና የገዢው ኮምፒዩተር ተገኝተዋል፤ በሌላ ሥራ ምክንያት የቀረ የለም። በአጀንዳው ላይ ልዩነት አልተነሣም። ሻይ አልቀረበም፤ አበልም የጠየቀ የለም። በእኔ ዕድሜ ካየኋቸው ስብሰባዎች ሁሉ ውሳኔ ላይ የደረሰ ይህ የመጀመሪያው ስለ ነበር፣ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝለት መቅረቱ እኔንም ይቆጨኛል።

የዚያው ደብዳቤ የመጨረሻ አንቀጽ ግን አላሳቀኝም። አንድ ማሽን ተቀብያለሁ ማለቱ ማስረጃ ስለማይሆን፣ የአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አብቃዮች መኖር በዋናው ማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ ማረጋገጫው ታግዷል ይላል። ቀጥሎም «ቅጂ ተቀባይነት የለውም፤ ዋናው ይቅረብ» ይላል። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ፤ የሚነበብ ፊርማ ነው።

እስካሁን በትሕትና ስጽፍልዎ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን የተሰማኝን በቀጥታ ልንገርዎ። ተናድጃለሁ። የተናደድኩት ስለ ማኅተሙ አይደለም፤ ማኅተም መምታት ለምጄበታለሁ። ስለ ወረቀቱም አይደለም። አቶ አማኑ በየቀኑ በጣቢያው በር እያለፉ ስሜ ሄደ ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም ያስተማርኳቸውን ልጆች ዋሽቼ የማላውቅ ሰው፣ ሊሄድ ነው እያልኩ ስዋሻቸው ሰነበትኩ። ዕድሜ ልካቸውን ከጓሯቸው ቀይ እሸት እየለቀሙ ሲያስረክቡ የቡናው ስም ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነበር፤ ነጋዴው ስም አለው፣ መጋዘኑ ስም አለው፣ መኪናው እንኳ ታርጋ አለው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የእርሳቸው ስም ከቡናቸው ጋር እስከ ባሕር ማዶ ሊደርስ ነው። በመንገዱ ላይ ተራራ አልገጠመውም፤ ወንዝም አልገጠመውም። የቆመው ዲላ ላይ ነው፤ እዚያም አንድ ሰው ተጭኖት የሚያበቃ አንድ ነገር ስላልተጫነ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ትላንት ባካሄደው ጉባኤ ትእዛዝዎን በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል። ዋናው ይቅረብ ብለዋል፤ ዋናው ይቀርባል። ሰኞ ጥር 26 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለቱ አብቃዮች በስድስት መኪና ተጭነው በጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ይገኛሉ። ሰላማዊ ሰልፍ አይደለም፤ ማስረጃ ማቅረብ ነው። መፈክር አይኖርም፤ አንዳንዶቹ ምናልባት መዝሙር ይዘምሩ ይሆናል፤ እርሱን እኔም ማስቆም አልችልም። እያንዳንዳቸው በዝርዝሩ ተራ ቁጥራቸው መሠረት አንድ በአንድ ቢሮዎ ይገባሉ፤ እርስዎም አይተው፣ ከፈለጉም ዳስሰው፣ መኖራቸውን ካረጋገጡ በኋላ ቀጣዩ ይገባል። ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ብንይዝለት ከሃያ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ የምሳ ዝግጅት በእኛ በኩል ነው። ቆጮ ይዘን እንመጣለን፤ ከዚያ ካላስወገድነው እንሰት የተዘጋጀ ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ የምንጠይቀው አግዳሚ ወንበር፣ ጥላና የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ብቻ ነው።

ሌላም መንገድ እንዳለ እንድነግርዎ ወ/ሮ ሮሆቦት አደራ ብላኛለች። በጽሕፈት ቤትዎ ኮምፒዩተር ላይ የማኅበራችን ፋይል ሲከፈት ከታች በኩል «አረጋግጥ» የሚል አንድ ቦታ አለ። እርሱን እስከ እሑድ ማታ አንድ ጊዜ ቢጫኑት ሥርዓቱ የቀረውን ለገዢው ራሱ ይናገራል። እንዲህ ከሆነ ገበሬዎቹ በየቤታቸው ይቀራሉ፤ ጥር የሥራ ወር ነው፣ ከእርስዎ ይልቅ ጓሯቸው ይፈልጋቸዋል። የትኛው እንደሚቀልዎ የመምረጥ መብት ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው፤ እኛ በሁለቱም ደስተኞች ነን። መኪናዎቹን ግን ይዘናቸዋል።

በመጨረሻም የሥራ ዘመንዎ ረጅም፣ ሪፖርትዎ አጭር፣ ሠንጠረዥዎም ከወረቀቱ የማያልፍ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ በተከታታይ ሦስት ወር ላስተማሩን ትዕግሥት በማኅበራችን ስም፣ በጣቢያችን ሠራተኞች ስምና ገና መኖራቸው ባልተረጋገጠ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ስም ያለኝን የጠለቀ አክብሮት ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ።

ከማክበር ጋር፣
ከፈለኝ
ጡረተኛ መምህር፣ የማኅበሩ ጸሐፊና፣ ለዚህ ደብዳቤ ብቻ፣ ራሱ ለራሱ የፈቀደ ተናጋሪ

ግልባጭ፦
ለአቶ ሱፍያን፣ አሠልጣኝ፣ ባሉበት
ለወ/ሪት ሃሌሉያ፣ ከልብ ምስጋና ጋር፣ እንደገና እንዳትጽፈው ከሚል ማሳሰቢያ ጋር
ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር፣ እንዲያውቀው

የተረሳ ነገር፦ በዝርዝሩ ተራ ቁጥር 207 ላይ የተመዘገቡት ወ/ሮ አትጠገብ ወላጅ እናትዎ ናቸው። ጤንነታቸው ደኅና ነው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ትንሽ ያማቸዋል። ሰኞ በፊተኛው መኪና ላይ ይሳፈራሉና መደገፊያ ያለው ወንበር ቢዘጋጅላቸው መልካም ነው። ቢሮዎ ሲገቡ መኖራቸውን አይተው ከመሰከሩላቸው ነገራችን ሁሉ በዚያው ያልቃል። እንደ ደብዳቤዎ የሉም የሚሉ ከሆነ ግን፣ ያንን ደብዳቤ የፈረመው የማን ልጅ እንደ ሆነ እኛም በበኩላችን ዋናውን ማስረጃ እንጠይቃለን።